ኮራሎች እንዴት ይራባሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወራቱ ግን ለአንባቢ እንዲቀል በእኛ ስም ተጠርተዋል።

ኮራል ድንጋይ ነው፣ ተክል ነው ወይስ እንስሳ?

እንስሳ ነው። ለዓይን የሚታየው ቅርንጫፍ ወይም ቋጥኝ መሳይ ነገር ፖሊፕ የሚባሉ ትናንሽ እንስሳት በሺህ የሚቆጠሩ ሆነው አንድ ላይ የሠሩት ቤት ነው። አንድ ፖሊፕ አንድ አፍ፣ አንድ ሆድና በአፉ ዙሪያ የተደረደሩ ተናዳፊ ክንዶች አሉት፤ ከዚያ ብዙም አይበልጥም። ጄሊፊሽ ዘመዱ ነው። ከባሕር ውኃ ካልሲየም እየወሰደ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ያነጥፋል፤ ይህ ድንጋይ ለብዙ ሺህ ዓመታት ሲደራረብ ሪፍ የሚባለው የባሕር ውስጥ ግንብ ይፈጠራል።

ተክል የሚያስመስለው በሥጋው ውስጥ የሚኖረው አልጌ የሚባል ተክል መሳይ የውኃ ፍጡር ነው። አልጌው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል፤ ከሠራውም አብዛኛውን ለአስጠጊው ይሰጣል። የኮራሉ ቡናማና አረንጓዴማ ቀለም የሚመጣው በአብዛኛው ከእርሱ ነው። ይህን ሽርክና ከዚህ በታች እንመለስበታለን።

ከቦታው የማይንቀሳቀስ እንስሳ እንዴት ይራባል?

በሁለት መንገድ። አንደኛው ያለ ጾታ ነው። አንድ ፖሊፕ ለሁለት ይከፈላል፣ ወይም ከጎኑ ሌላ ፖሊፕ ያበቅላል። ኮሎኒ የሚባለው የፖሊፖች ስብስብ የሚሰፋው እንዲህ ነው። ማዕበል የሰበረው ቅርንጫፍም ምቹ ቦታ ላይ ካረፈ ተጣብቆ ያድጋል፤ አዲስ ኮሎኒም ይሆናል። አዲስ ይባል እንጂ በዘረ መሉ ከተሰበረበት አይለይም።

ሁለተኛው በጾታ ነው። እንቁላልና የወንድ ዘር ተገናኝተው እጭ ይፈጠራል፤ እጩ ዋኝቶ ከወላጆቹ የሚለይ አዲስ ፍጡር ሆኖ ያርፋል። አስቸጋሪው ነገር መገናኘቱ ነው። ድንጋይ ላይ የተሰፋ እንስሳ የትዳር ጓደኛ ፍለጋ መሄድ አይችልም፤ ያለው ምርጫ ዘሩን ለውኃው አደራ መስጠት ብቻ ነው። ከዚህ በታች የሚነበበው ሁሉ፣ ጨረቃውም ሰዓቱም ቀለሙም፣ ከዚህ አንድ ችግር የሚመነጭ ነው።

ወንድና ሴት ኮራል አለ?

አብዛኞቹ የሪፍ ገንቢ ኮራሎች በአንድ አካል ሴትም ወንድም ናቸው። አንዱ ፖሊፕ እንቁላልም ዘርም ያዘጋጃል። በሌሎች ዝርያዎች ግን ጾታው ይለያል፤ ለምሳሌ እንደ ትልቅ ቋጥኝ ክብ ሆነው የሚያድጉት አብዛኞቹ የፖሪተስ ዝርያዎች አንዱ ኮሎኒ በሙሉ ወንድ፣ ሌላው በሙሉ ሴት ነው። ከውጭ አይቶ መለየት አይቻልም።

እንጉዳይ የሚመስሉት የፈንጂያ ወገን ኮራሎች ደግሞ የባሰባቸው ናቸው። በጃፓን ኦኪናዋ ምልክት ተደርጎባቸው ከዓመት ዓመት ሲጠኑ አንዳንዶቹ ጾታ ሲቀይሩ፣ እንደገናም ሲመለሱ ተገኝተዋል። ይህ በ2008 ታትሟል። እንቁላል ማዘጋጀት ዘር ከማዘጋጀት የበለጠ ጉልበት ስለሚፈጅ፣ ትንሽ ወይም የተጎሳቆለ ኮራል ወንድ ሆኖ መሰንበቱ ያዋጣዋል የሚለው ማብራሪያ አሳማኝ ነው።

ዘር የሚለቀቅበት ሌሊት ምን ይታያል?

በመጀመሪያ የሚታየው ዝግጅቱ ነው። አክሮፖራ የሚባሉት ባለ ቅርንጫፍ ኮራሎች ዘንድ ከጨለመ በኋላ ደብዘዝ ያለ ቀይ መብራት ይዞ የቀረበ ሰው በየፖሊፑ አፍ ሥር ሮዝ ነጥብ ተወትፎ ያያል። ይህ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህል ጥቅል ነው። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 የሚሆኑ እንቁላሎች ይገኙበታል፤ የወንዱ ዘርም አብሮ ታጭቋል። የፖሊፑ አፍ ተወጥሮ፣ ጥቅሉ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ገብቶ ለረጅም ደቂቃዎች ይቆያል። በዚህ መካከል የአየር ጋናቸውን ጨርሰው ወደ ላይ የሚመለሱ ጠላቂዎች ጥቂት አይደሉም።

ከዚያ አንዱ ፖሊፕ ይለቃል፤ ጎረቤቱ ይከተላል፤ ብዙም ሳይቆይ ቅርንጫፉ ሁሉ ይለቃል። እንቁላሉ በስብ የተሞላ ስለሆነ ጥቅሉ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ከባሕሩ ገጽ ሲደርስ ይፈታል፤ እንቁላሎቹ ይለያያሉ፤ ዘሩ እንደ ወተት ይበተናል። ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። በጥልቅ ውኃ ውስጥ በየአቅጣጫው ቢበተኑ ኖሮ እንቁላልና ዘር መተላለፋቸው አይቀርም ነበር። ሁሉም ወደ ላይ ከወጣ ግን መገናኛው አንድ ስስ ገጽ ብቻ ይሆናል።

ጾታቸው የተለየ ኮራሎች ዘንድ ጥቅል የለም። ወንዶቹ ዘራቸውን እንደ ጭስ ይተፋሉ፤ ሴቶቹ እንቁላላቸውን ለብቻው ይለቃሉ።

ሁሉም ኮራሎች እንቁላላቸውን ወደ ባሕር ይለቃሉ?

አይደለም። የሚበልጡት ይለቃሉ፤ ጥቂት የማይባሉ ደግሞ እንቁላላቸውን በሆዳቸው ያቆያሉ። የወንዱ ዘር በውኃ ተጉዞ ይመጣና እንቁላሉ እዚያው ይፀንሳል። እናቲቱ እጩን አሳድጋ፣ መዋኘት የሚችል ሲሆን ትለቀዋለች።

የቀይ ባሕሩ ስታይሎፎራ ፒስቲላታ የዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በእስራኤል ኤላት አካባቢ ለወራት፣ በየሌሊቱ ጥቂት ጥቂት እጭ ይለቃል። እጩ ሲወጣ አልጌውንም ከእናቱ ወርሶ ስለሆነ ስንቅ አያጣም፤ በሰዓታት ውስጥም ማረፍ ይችላል። በዚህ ምክንያት ባዶ የተገኘ ቦታ ላይ ቀድመው ከሚሰፍሩት አንዱ ይህ ኮራል ነው። ጉዳቱ ደግሞ ሩቅ አለመሄዱ ነው፤ ብዙው ልጅ እናቱ አጠገብ ይቀራል።

በዓመት አንድ ሌሊት ብቻ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለቃሉ የሚባለው እውነት ነው?

በአንድ አገር እውነት ነው ለማለት ይቀርባል፤ ያ አገር አውስትራሊያ ነው። በ1981 እና በ1982 በግሬት ባሪየር ሪፍ ላይ፣ በማግኔቲክ ደሴትና በአካባቢው የተሰማሩ ወጣት ተመራማሪዎች በርካታ የኮራል ዝርያዎች በተመሳሳይ ሌሊቶች ዘራቸውን ሲለቁ አዩ፤ ግኝታቸው በ1984 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ታተመ። ከዚያ በፊት አብዛኞቹ ኮራሎች እጫቸውን በሆዳቸው ያሳድጋሉ ተብሎ ይታመን ነበር። በቀን ብቻ የሚጠልቅ ተመራማሪ ሌላ ነገር የሚያይበት ዕድል አልነበረውምና አይፈረድበትም።

ትዕይንቱ እጅግ የሚያምር ስለሆነ የዓለም ሁሉ ደንብ ተደርጎ ተወራ። ነገር ግን በግሬት ባሪየር ሪፍ ራሱ አንድ ሌሊት አይደለም፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ ሙሉ ጨረቃ ካለፈች በኋላ ባሉት ከ2ኛው እስከ 6ኛው ሌሊት ገደማ የሚዘልቅ ነው። በአንዳንድ ዓመት ደግሞ በሁለት ተከታታይ ወራት ይከፈላል። በዚያችው አውስትራሊያ በምዕራቡ ዳርቻ፣ በኒንጋሉ፣ ዋናው ጊዜ መጋቢትና ሚያዝያ ነው። በካሪቢያን ዋና ዋናዎቹ ዝርያዎች በነሐሴና በመስከረም መጀመሪያ፣ ከሙሉ ጨረቃ ሳምንት ያህል ቆይተው ይለቃሉ።

በቀይ ባሕርና በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ጊዜው መቼ ነው?

በማዕከላዊ ቀይ ባሕር፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ዳርቻ፣ በርካታ የአክሮፖራ ዝርያዎች በሚያዝያ፣ ሙሉ ጨረቃ አካባቢ ይለቃሉ። ወደ ሰሜን ሲኬድ ውኃው ዘግይቶ ስለሚሞቅ ጊዜውም ይዘገያል፤ በአቃባ ባሕረ ሰላጤ ጫፍ፣ በኤላት፣ ለብዙዎቹ ሰኔና ሐምሌ ነው። በአቡ ዳቢና በዱባይ ዳርቻ፣ ከዓለም እጅግ ሞቃት በሆነው የኮራል ባሕር፣ አክሮፖራ በሚያዝያ ይለቃል። የበጋው ሙቀት ሳይመጣ እጩ እንዲያርፍ የሚያደርግ ሰሌዳ ነው።

ኤላት ለሳይንስ ልዩ ትምህርት የሰጠችው በሌላ ነገር ነው። የአውስትራሊያው ግኝት በታተመ በዓመቱ፣ በ1985፣ የእስራኤል ተመራማሪዎች በዚያው መጽሔት ላይ ተቃራኒውን አሳዩ። በኤላት ዋና ዋናዎቹ ዝርያዎች ወራቱንና የጨረቃዋን ደረጃ ተከፋፍለውታል፤ አንዱ በሙሉ ጨረቃ፣ ሌላው በአዲስ ጨረቃ፣ አንዱ በዚህ ወር ሌላው በሚቀጥለው። በአንድ ዝርያ ውስጥ ያሉት ግን እርስ በርሳቸው ሰዓቱን ይጠብቃሉ። በእኔ አስተያየት ይህኛው ከአውስትራሊያው ይበልጥ ያስደንቃል፤ ካሜራ የሚማርክ ስላልሆነ ብቻ ሳይታወቅ ቀረ።

ኢትዮጵያ ውስጥ ኮራል አለ?

በሕይወት ያለ የለም፤ ባሕር የለንምና። የሞተ ግን አለ። የደናክል ዝቅተኛ ሥፍራ በአንድ ወቅት የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። ከ125 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ባሕሩ ገብቶበት በነበረ ጊዜ የበቀሉ የኮራል ሪፎች ዛሬም በአፋር፣ በጨው ሜዳው ጠርዝ ላይ ደርቀው ቆመዋል። ቅርንጫፋቸውና የፖሊፖቹ ጉድጓድ በእጅ የሚዳሰስ ነው። እነዚያም ኮራሎች እንደ ዛሬዎቹ ዘመዶቻቸው እጭ ልከው፣ እጩም ባሕሩ በገባበት ሰርጥ አልፎ መጥቶ ነው ሪፉ የተመሠረተው።

በቅርብ ያለው ሕያው ሪፍ በኤርትራ የዳህላክ ደሴቶችና በጅቡቲ ዳርቻ ይገኛል። የምጽዋ ጥንታዊ ቤቶች ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው።

ኮራል ዓይንም አንጎልም የለውም፤ ወሩንና ሌሊቱን እንዴት ያውቃል?

ሦስት ምልክቶችን በየተራ ያነባል ማለት ይቻላል። ወሩን የሚወስነው የውኃው ሙቀት ነው። እንቁላል ለወራት ሲዘጋጅ ይቆያል፤ ውኃው እየሞቀ ሲሄድ ይበስላል። ሌሊቱን የሚወስነው ጨረቃ ናት። ሰዓቱን የሚወስነው የፀሐይ መጥለቅ ነው። ብርሃን ከልሎ ቀድሞ የመሸ እንዲመስል ቢደረግ ኮራሎቹ ከዕለቱ ሰዓታቸው ቀድመው ይለቃሉ።

ብርሃን የሚያዩበት ነገር በሴሎቻቸው ውስጥ ነው። ክሪፕቶክሮም የሚባሉት፣ በተክልም በነፍሳትም በሰውም የሚገኙት ሰማያዊ ብርሃን የሚለዩ ፕሮቲኖች በኮራልም መኖራቸው በ2007 ታውቋል። ከእነርሱ የአንዱ ሥራ በሙሉ ጨረቃ ሌሊት ከፍ ሲል ታይቷል።

አሁን ደግሞ ስውሩ ነገር። ብዙዎቹ ኮራሎች የሚለቁት በሙሉ ጨረቃ ዕለት አይደለም፤ ከቀናት በኋላ ነው። ለምን? ሙሉ ጨረቃ ፀሐይ ስትጠልቅ ትወጣለች፤ በመካከል ጨለማ የለም። ከዚያ በኋላ ግን በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየች ትወጣለች። ስለዚህ በፀሐይ መጥለቅና በጨረቃ መውጣት መካከል የጨለማ ክፍተት ይፈጠራል፤ በየሌሊቱም ይረዝማል። በታይዋን በአንድ የኮራል ዝርያ ላይ የተደረገው ሙከራ እንዳሳየው መፍቀጃው ይህ ክፍተት ነው፤ ኮራሎቹን ከመሸ በኋላ ያለ ብርሃን ማቆየት ብቻ ቀናቸውን ያስቀድመዋል። በጨረቃ ብርሃን የሚለቁ ይመስሉን የነበሩት፣ የሚጠብቁት ጨለማውን ኖሯል።

ይህን ያህል ዝርያ በአንድ ሌሊት ሲለቅ ለምን አይደባለቅም?

አንዳንዴ ይደባለቃል። ካሪቢያን ውስጥ አክሮፖራ ፕሮሊፌራ የሚባለው ኮራል ከሁለት ሌሎች የአክሮፖራ ዝርያዎች የተዳቀለ ነው። በብዛት ግን ሁለት መከላከያዎች አሉ። አንዱ ኬሚካላዊ ነው፤ እንቁላሉ የራሱን ዝርያ ዘር ይለያል። ሌላው ሰዓት ነው። በዚያው በካሪቢያን ኦርቢሴላ ፍራንክሲ ከመሸ ሁለት ሰዓት ገደማ ቆይቶ ሲለቅ፣ ዘመዶቹ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ዘግይተው ይለቃሉ። የመጀመሪያው ዘር በዚያ ጊዜ ውስጥ ይሳሳል፣ ኃይሉንም ያጣል።

ራሱን በራሱ ስለ ማስፀነስም ይጠየቃል። የአንድ አክሮፖራ እንቁላልና ዘር በአንድ ጥቅል ተጭነው ቢጓዙም በአብዛኛው እርስ በርስ አይቀባበሉም። ይህ ነጥብ መጨረሻው ጥያቄ ላይ ትልቅ ዋጋ አለው።

በባሕሩ ላይ የሚታየው ሮዝ ንጣፍ ብክለት ነው?

በዘር መልቀቂያው ማግሥት ጠዋት የሚታይ ከሆነ አይደለም። ያልፀነሱ እንቁላሎች፣ ሽሎችና የተረፈው ስብ በነፋስ እየተገፋ ሲጠራቀም ረጅም ሮዝ ወይም ቡናማ ጭረት ይሠራል፤ ከአውሮፕላንም ይታያል። ሲውል ሲያድር ይሸታል። በየዓመቱ የፈሰሰ ዘይት ወይም ፍሳሽ መስሎት የሚደነግጥ ሰው አይጠፋም።

ይሁንና ጉዳት አያመጣም ማለት አይደለም። በ1989 በምዕራብ አውስትራሊያ ኮራል ቤይ በተባለ ቦታ ነፋስ በጠፋበት ሰሞን የኮራሎቹ ዘር ከጥልቀት የለሽ ወሽመጥ ሳይወጣ ቀረ። በበሰበሰ ጊዜ የውኃውን ኦክስጅን ጨረሰው፤ ዓሣውም ኮራሉም በብዛት አለቀ።

እጩ ምን ያህል ይጓዛል?

ከፀነሰ በኋላ እንቁላሉ ይከፋፈላል፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ፕላኑላ የሚባል እጭ ይሆናል። ሞላላ ነው፤ ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ አካሉን በሸፈኑ ጥቃቅን ፀጉሮች እየቀዘፈ ይዋኛል። ዋና ይባል እንጂ የባሕሩን ፍሰት የሚቋቋም አይደለም። ወደ ላይና ወደ ታች መውጣት መውረድ ይችላል፤ የሚወስደው ግን ውኃው ነው።

ብዙዎቹ ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ ለማረፍ ይበቃሉ። ቦታ ካጡ ግን ይታገሣሉ፤ አንዳንድ ዝርያዎች በቤተ ሙከራ ከ100 ቀን በላይ ቆይተው የማረፍ ችሎታቸውን አላጡም። በተግባር አብዛኞቹ ከተወለዱበት ሪፍ ብዙም ሳይርቁ ያርፋሉ ወይም ይበላሉ። ሩቅ የሚደርሱት ጥቂቶች ናቸው፤ ነገር ግን የተጎዳ ሪፍ ከሌላ ቦታ ዘር የሚያገኘው በእነዚያ ጥቂቶች ነው።

የሚያርፍበትን ቦታ ይመርጣል?

አዎ፣ አጥብቆ። እጩ ታች ወርዶ ወለሉን እየዳሰሰ ይዞራል። የሚፈልገው በተለይ በድንጋይ ላይ እንደ ቀለም ተለጥፎ የሚያድገውን ጠንካራ ሮዝማ አልጌና በላዩ ያሉትን ባክቴሪያዎች ነው። የሚያመነጩት ኬሚካል ቦታው አስተማማኝ መሆኑን ይነግረዋል። የጤነኛ ሪፍ ድምፅ፣ የሽሪምፖች ጠቅታና የዓሦች ጉርምርምታ፣ እጮችን እንደሚስብም ታይቷል። አሸዋና ደለል የለበሰ ወለል ግን አይሆነውም።

ሲወስን በአንድ ጫፉ ይጣበቃል፤ በሰዓታት ውስጥም ይለወጣል። ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከላይ አፍ ያወጣል፤ በዙሪያው ክንዶች ይበቅላሉ፤ ከሥሩ የመጀመሪያዎቹን የኖራ ግድግዳዎች ያቆማል። ወርዱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ በኋላ ስህተትን ማረም የለም።

የወላጆቹን አልጌ ይወርሳል?

እንደ ዝርያው ነው። እጭ በሆዳቸው የሚያሳድጉት በአብዛኛው ያወርሳሉ። እንቁላል ከሚለቁት መካከል ሞንቲፖራና ፖሪተስ በእንቁላሉ ውስጥ አልጌ ይጨምራሉ። የሚበልጡት ግን ባዶውን ይሰዱታል፤ ልጁ ካረፈ በኋላ ወይም ከዚያ በፊት አልጌውን ከባሕሩ ይለቅማል።

ከሚለቀቀው ሁሉ ስንቱ ትልቅ ኮራል ይሆናል?

እጅግ ጥቂቱ። ዓሦች በዚያች ሌሊት ጠግበው ያድራሉ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ መልቀቁ ከሚጠቅምባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው ነው፤ በላተኛው የቱንም ያህል ቢበላ ይጠግባል። ካረፈ በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ ከዚያ አይሻልም። ድንጋይ እየላሰ አልጌ የሚግጥ ዓሣ ሳያስበው ይውጠዋል፤ ሣር መሳይ አልጌ ይሸፍነዋል፤ ደለል ያፍነዋል።

ከተረፈ በዓመቱ ጥቂት ፖሊፖች ያሉት ትንሽ እብጠት ነው። አክሮፖራ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ሲሆነው እንቁላል ማዘጋጀት ይጀምራል፤ ቅርንጫፎቹ በዓመት እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሊያድጉ ይችላሉ። በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚያድገው ፖሪተስ ግን ሳይቸኩል ለብዙ መቶ ዓመት ይኖራል።

የኤላት ኮራሎች ሰዓታቸው ተዛብቷል ሲባል ምን ማለት ነው?

የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቶም ሽሌሲንገርና ዮሲ ሎያ ከ2015 ጀምሮ ለአራት ዓመት፣ በ225 ሌሊቶች፣ ኮራሎቹን በባሕር ውስጥ ሆነው ጠበቁ። በ2019 ያሳተሙት ውጤት ከ1980ዎቹ መዝገብ ጋር ሲነጻጸር ያሳስባል። በጥቂት ሌሊቶች ተጠቃልሎ ያልቅ የነበረው የአንዳንድ ዝርያዎች ዘር መልቀቅ አሁን በብዙ ሳምንታትና ወራት ላይ ተበታትኗል። አንዱ ኮሎኒ ዛሬ፣ ጎረቤቱ ከሳምንት በኋላ ይለቃል።

ለአላፊ ጠላቂ ሪፉ ሙሉ ጤነኛ ነው። ትልልቆቹ ኮራሎች ቆመዋል፤ እንቁላልም ያዘጋጃሉ። ነገር ግን ዘሩ በሰዓቱ ስለማይገናኝ አይፀንስም፤ በእነዚያ ዝርያዎች ዘንድ ትንንሽ ኮራሎች እምብዛም አልተገኙም። ሕያው ኮራል የሸፈነውን የወለል መጠን ብቻ የሚለካ ጥናት ይህን ችግር ከነጭራሹ አያየውም፤ ብዙው የሪፍ ክትትል ደግሞ የሚለካው ይህንኑ ሽፋን ነው።

የከተማ መብራት ይረብሻቸዋል?

ይረብሻቸዋል። ከላይ የተባለውን የጨለማ ክፍተት ለሚጠብቅ እንስሳ ሌሊቱን ሙሉ የሚያበራ ሆቴልና ወደብ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። ብርሃን የበዛባቸውን ዳርቻዎች ከጨለሙት ያነጻጸረ ሰፊ ጥናት ብርሃን ባለበት ኮራሎች ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ወደ ሙሉ ጨረቃ ቀርበው እንደሚለቁ አሳይቷል። በጣም የተጎዱት የአቃባ ባሕረ ሰላጤና የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ናቸው። ሦስት ቀን ትንሽ ይመስላል። በብርሃን ያለው ኮሎኒና በጨለማ ያለው ጎረቤቱ ግን ዘራቸው ለሰዓታት ብቻ ስለሚቆይ ከዚያ ወዲያ አይገናኙም።

በሙቀት የነጣ ኮራል መራባት ይችላል?

ውኃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ አልጌውን ያስወጣል፤ ነጭ ይሆናል። ሁልጊዜ አይሞትም፤ ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ አልጌው ይመለሳል። እንቁላል ለማዘጋጀት የሚሆን ስብ ግን ያጥረዋል፤ ስለዚህ በቀጣዩ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ጥቂት ይለቃል ወይም ጨርሶ አይለቅም።

ብዙ ወላጅ ሲሞት ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። በ2016 እና በ2017 በግሬት ባሪየር ሪፍ ላይ ተከታታይ መንጣት ከደረሰ በኋላ፣ በ2018 በሪፉ ላይ ያረፉት አዳዲስ ኮራሎች ከቀድሞው አማካይ በ89 በመቶ ቀንሰው ተገኙ። ወላጆች ሲራራቁ ዘሩ በውኃው ይሳሳል፤ ግማሽ ወላጅ ሲቀር የሚገኘው ልጅ ከግማሽ በታች ይሆናል።

በሰው እጅ ማራባት ከተቻለ፣ ቅርንጫፍ እየቆረጡ መትከል ለምን አይበቃም?

ቁራጭ መትከል ይቻላል፤ ርካሽም ፈጣንም ነው። እስራኤላዊው ባሩክ ሪንኬቪች በ1990ዎቹ የኮራል አትክልተኝነት ብሎ ያቀረበው ሐሳብ ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራበታል፤ ቁራጮቹ በውኃ ውስጥ ባለ ችግኝ ጣቢያ አድገው ወደ ሪፉ ይዛወራሉ። የእንቁላልና የዘሩ መንገድ ይበልጥ አድካሚ ነው። በአውስትራሊያ ፒተር ሃሪሰን፣ በ1984ቱ ጽሑፍ ስማቸው ከሰፈረው አንዱ፣ ከባሕር ገጽ የተሰበሰበ ዘር አፀንሶ፣ እጩን አሳድጎ በተጎዳ ሪፍ ላይ የመልቀቅን ዘዴ በአውስትራሊያና በፊሊፒንስ ሞክረዋል። በለንደን ሆርኒማን ሙዚየም ደግሞ ጄሚ ክራግስ የሙቀቱን፣ የፀሐዩንና የጨረቃውን ዑደት በኮምፒውተር አስመስለው አክሮፖራ በዝግ ገንዳ ውስጥ እንዲለቅ አድርገዋል፤ ከባሕሩ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት፣ ሰው በሚመቸው ሰዓት።

አድካሚው መንገድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ከአንድ ኮሎኒ የተቆረጠ 500 ቁራጭ በዘረ መሉ አንድ ኮራል ነው። ሁሉም አድጎ፣ ሁሉም በትክክለኛው ሌሊት ቢለቅ እንኳን እንቁላሉ የራሱን ዘር አይቀበልምና የሚፀንሰው ከቁጥር አይገባም። የሚያጠቃው በሽታም ሆነ የሚገድለው ሙቀት ለሁሉም እኩል ነው። በጥሩ ችግኝ ጣቢያ እያንዳንዱ ቁራጭ ከየትኛው ኮሎኒ እንደመጣ የሚናገር ምልክት የሚታሰርለት፣ ሲተከልም የተለያየ ወላጅ ያላቸው በጥቂት ሜትር ርቀት ጎን ለጎን እንዲሆኑ የሚደረገው በዚህ ምክንያት ነው።